ከሳሽ

ኤድመንተን፤ የካቲት፤ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት፣
የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ ሠላሳ ወንበር የደረደርንበት።
ክንድ ያላቸውን ወንበሮች «አውጡልኝ» አልኩ፣ «ውሰዱ፤
ዕድሜ ልኬን ዳሌዬን ቆንጥጠውኛል፤ ዛሬ ማታ እንኳ አይፍረዱ።»

ጠረጴዛው ላይ መጽሐፌ። የመጀመሪያዬ። ቀለሙ ገና ይሸታል።
ሽፋኑ ላይ ጥቁር ቀሚስ፤ ዚፑ ወገብ ላይ ቆሟል።
ለእህቴ ቀብር የገዛሁት ነው፤ ያኔ ልክ ነበረ፤
ለሙት ዓመቷ ስለብሰው መንገድ ላይ ቀረ።

ስመኝ። በሁለት ዓመት የምታንሰኝ።
በሽታው ሥጋዋን በግራም በግራም ወሰደ፣ ደረሰኝ ሳይሰጥ፤
በየሰርጉ፣ በየክርስትናው፣ ሰው ሁሉ ከበባት ሲያደንቅ፤
«ከሳሽ! አማረብሽ! ምን በልተሽ ነው? ለኛም ንገሪን!» ብሎ ሲስቅ
እሷም አፏን ይዛ ትስቃለች፤
መድኃኒቱ ቦርሳዋ ውስጥ።

ከሞተች በኋላ ተራው የኔ ሆነ። በላሁ።
ሌሊት፣ በማቀዝቀዣው ብርሃን ቆሜ፣ የደረቀ ሩዝ በእጄ በላሁ፤
ለልቅሶ የመጣውን ምስር፣ ዳቦ፣ ስሙን የማላውቀውን በላሁ፤
ከሷ የጎደለውን ኪሎ፣ አንድ በአንድ፣
እኔ ላይ የምመልሰው ይመስል።

«ሐዘን ተስማማሽ» አለችኝ አንዷ፤
«አሁን ይቺ እህት የሞተባት ትመስላለች?» ሌላዋ ለዘመዷ።
ለካ በኛ ችሎት የሐዘን ምስክሩ አጥንት ነው፤
ጉንጭ ካልጎደጎደ፣ እንባ ብቻውን ማንንም የማያሳምን ነው።

ያን ጊዜ ቃሉን ወረቀት ላይ አሰፈርኩት፦ ከሳሽ።
አጥብቀው ሲያነቡት ምርቃት፣
አላልተው ሲያነቡት ፍርድ ቤት።
ከዚያ አንድ ቃል ተነሥቼ ነው፣ በአራት ክረምት፣
ዘጠና ስድስት ገጽ የሞላሁት።

ገጽ አርባን አነበብኩ። ማይኩ ሁለቴ ጮኸ፤ ውኃ ጠጣሁ።
«ጥያቄ ካላችሁ» ስል፣ ተነሡ ወይዘሮ አጸደ፣
የዕድሩ ገንዘብ ያዥ፤ ሒሳብ የሚያነቡበት ድምጻቸው እየራደ፤
«ጥያቄ የለኝም» አሉ። «እዚያ ገጽ ላይ ያለችው ሴትዮ፣ በድግሱ፣
‹ለኛም ንገሪን› ያለቻት፣ እኔ ነኝ።» መነጽራቸውን አውልቀው አበሱ።

ማሞቂያው ብቻ ያንጎራጉራል።
አማርኛ የማትሰማው ሄዘር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣
ምስጋና መስሏት አጨበጨበች፤
ብቻዋን፣ ደስ ብሏት፣ ከልቧ።
እኛም ምን እናድርግ? ተከተልናት።

መልስ አልነበረኝም። አራት ክረምት ያዘጋጀሁት ንግግር
ለሌላ ሰው ነበር፤ ስም ለሌላት፣ አፍ ብቻ ለሆነች።
አሁን ገጹ ገጽ አወጣ፤
አሮጊት ገጽ፣ መነጽር የተከለበት አፍንጫ።

ሊያስፈርሙ ተሰልፈው ተራቸው ሲደርስ አቅፈው ሳሙኝ፤
ልማድ ነውና አፋቸው አመለጣቸው፤ «ወፈ—»
ዋጡት። ዙሪያውን አዩ። መጽሐፉን አነሡ።
«ወፍራም መጽሐፍ ነው» አሉ።
ከትንሽ ጣቴ የሚቀጥን መጽሐፍ! ሳቅኩ፤ ሳቁ፤
አፌን መያዜን ያወቅኩት ኋላ ነው፤
የስመኝ አሳሳቅ።

እኩለ ሌሊት ቤቴ ገባሁ። አሥራ ዘጠኝ ቅጂ ተሽጧል፤
አንዱ በስሕተት ሁለቴ የተፈረመ።
ሽፋኑ በክሬም ከተሳለበት ኬክ
ዚፑ ያለበት ቁራጭ ተርፏል።
መብራቱን አበራሁ። ወንበር ሳብኩ።
ሳሕን፣ ሹካ።
ተቀምጬ በላሁ።
ሎሚ ሎሚ ይላል።